«ምርመራው ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ ለማይለቅ የእንቅልፍ ችግር ወዴት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ «የ49 ዓመት ሴት ነኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ እወጣለሁ፤ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ እነቃና ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በስንት መከራ ነው። ማታ ማታ እግሬን የሚያቁነጠንጥ ስሜት ይይዘኛል፤ ተነሥቼ ስራመድ ይተወኛል። ባለቤቴ አልፎ አልፎ እንደማንኮራፋ ይናገራል፤ ያን ያህል የሚጮኽ አይደለም ይላል። ጠዋት ራሴን ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ይደክመኛል፤ የደም ግፊቴ በሁለት መድኃኒት ነው የተያዘው። ባለፈው ወር መኪና እየነዳሁ ዓይኔ ተከደነ። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ለእንቅልፍ ታዞልኝ አንድ ዓመት ወስጃለሁ። የደም ምርመራውም፣ ኢሲጂውም፣ ቤት ወስጄ ያደርኩበት የትንፋሽ መመዝገቢያም ‹በሰዓት 4 ጊዜ› ብሎ፣ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። የትኛው ሐኪም ጋ ልሂድ? ሆስፒታል ማደር ያስፈልገኛል? መድኃኒቱንስ ልተወው?»

ምላሽ፦

ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ በፊት ስለ መኪናው ልናገር። መሪ ይዘው ዓይንዎ ተከድኖ ከሆነ፣ ምክንያቱ ታውቆ ሕክምና እስኪጀመርና ቀን ቀን እንቅልፍ መጣሉ መተዉ እስኪረጋገጥ ድረስ አይንዱ። መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮውን ከፍ ማድረግ፣ ፊትን በውኃ ማራስ ለጥቂት ደቂቃ ያነቃ ይሆናል እንጂ የመጣ እንቅልፍን አይመልስም። ይህንኑ ነገር ለሚያዩት ሐኪም ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩት። ብዙ ሕመምተኛ መንጃ ፈቃዴን እቀማለሁ ብሎ ይደብቀዋል፤ ሆኖም ምርመራው በወራት ሳይሆን በቶሎ እንዲደረግ የሚያስገድደው አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ደህና ነው» የሚል ውጤት አለ። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን አንድ ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ኢሲጂው የልብዎን ምት በዚያች ደቂቃ አይቶ ደህና ነው አለ፤ እንቅልፍዎን አልጠየቁትም። የደም ምርመራው የሄሞግሎቢን፣ የስኳርና የኩላሊት ከሆነ፣ ስለ እግርዎ የሚናገረው ብዙ ነገር የለም። የትንፋሽ መመዝገቢያው ደግሞ፣ ከዚህ በታች በስፋት እንደማስረዳው፣ ለእርስዎ ዓይነት ሕመምተኛ የማይመረጥ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ሌላ ብዙ ምርመራ አይደለም፤ ታሪክዎን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ምርመራ እንደሚሆን የሚለይ ሐኪም ነው።

ታሪኩን ይዞ መቅረብ ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው። ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የእንቅልፍ መዝገብ ይያዙ፤ አልጋ ላይ የወጡበትን ሰዓት፣ በግምት እንቅልፍ የወሰደዎትን ሰዓት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁና ምን ያህል ነቅተው እንደቆዩ፣ ጠዋት የተነሡበትን ሰዓት፣ ቀን ሸለብ ካደረገዎት እርሱንም፣ ቡናና ሌላ አነቃቂ ነገር እንዲሁም መድኃኒት የወሰዱበትን ሰዓት ይጻፉ። የሚጻፈው ጠዋት ነው፤ ሌሊት ሰዓት እያዩ መመዝገብ ራሱ እንቅልፍ ይከለክላል። ባለቤትዎ አብረው ቢመጡ መልካም ነው፤ ካልተቻለም አንድ ሌሊት ሲያንኮራፉ በስልክ ይቅረጹልዎ። ድምፁ ከፍ ማለቱን ሳይሆን ድንገት ጸጥ ብሎ ቆይቶ በሲቃ መመለሱን ነው ሐኪሙ የሚፈልገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ እንዲለዩ እፈልጋለሁ፤ «ይደክመኛል» እና «እንቅልፍ ይጥለኛል» አንድ አይደሉም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ቢዝልም ልተኛ ብሎ ሲጋደም እንቅልፍ አይወስደውም። ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሚያድር ሰው ግን ተቀምጦ እያነበበ ወይም ስብሰባ ላይ ሳያስበው ያንቀላፋል። ይህን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1991 አውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ ያዘጋጁት ኢፕዎርዝ የሚባል መጠይቅ አለ፤ ስምንት ሁኔታዎችን ዘርዝሮ በእያንዳንዱ ላይ የማንቀላፋት ዕድልን ከ0 እስከ 3 ያስመዝናል፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ የቀን እንቅልፉ ከመጠን በላይ ነው ይባላል። ሴቶች በዚህ መጠይቅ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር እያመጡ በሽታው የሚገኝባቸው ጊዜ ስላለ ቁጥሩ ማነሱ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም።

በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ማለትም ስሊፕ አፕኒያ፣ በብዙዎች አእምሮ ውስጥ የወፍራም ወንድና የሚያናጋ ማንኮራፋት ሥዕል አለው። በሴቶች ላይ ግን፣ በተለይ ከማረጥ ዕድሜ ወዲህ፣ በሽታው በጣም እየተለመደ ሲሄድ መልኩም ይለወጣል፤ ሌሊት መንቃት፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ ድካምና የስሜት መውረድ ሆኖ ይቀርባል፤ ከዚያም «ጭንቀት ነው» ተብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ይታዘዝለታል። እርስዎ የጻፉት ታሪክ በሁለት መድኃኒት የሚያዝ የደም ግፊት ተጨምሮበት ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። አፕኒያ ነው እያልኩ አይደለም፤ አይደለም ለማለት ግን የተደረገልዎ ምርመራ አይበቃም።

ምክንያቱ በከፊል ቀላል ሒሳብ ነው። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ ወይም በግልጽ ሲቀንስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ድምሩ ለሰዓት ተካፍሎ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ብዙዎቹ የቤት መመዝገቢያዎች ጭንቅላት ላይ የሚለጠፍ ነገር ስለሌላቸው መቼ እንደተኙና መቼ እንደነቁ አያውቁም፤ ስለዚህ ድምሩን የሚያካፍሉት ለተኙበት ሰዓት ሳይሆን መሣሪያው ለበራበት ሰዓት ነው። መሣሪያው 8 ሰዓት ሠርቶ 32 መቋረጥ መዝግቦ ቢሆን ውጤቱ 4 ይሆናል። በዚያች ሌሊት የተኙት ግን 5 ሰዓት ብቻ ከነበረ ትክክለኛው ቁጥር 6.4 ነው፤ ይህም ምልክት ላለው ሰው በሽታው አለ የሚያሰኝ ነው። በዚያ ላይ ትንፋሽ ጠቦ የደም ኦክስጅን ብዙም ሳይወርድ አንጎል ለአፍታ የሚባንንበትን ክስተት እነዚህ መሣሪያዎች ጨርሶ አይቆጥሩትም፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የቤት ምርመራ ውጤት «በሽታ የለም» የሚል ወይም አጠራጣሪ ሲሆን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ታድሮ የሚደረግ ምርመራ እንዲከተል፣ ከባድ እንቅልፍ ማጣት ላለበት ሰው ደግሞ ከመነሻውም የላቦራቶሪው እንዲመረጥ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፖርቱ በእጅዎ ካለ «የተመዘገበበት ሰዓት» የሚለውን መስመር ፈልገው ያንብቡት፤ ሐኪሙም እንዲያየው ይውሰዱት።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ አንድ ሌሊት ማደር ይገባዎታል የሚል ነው። ምርመራው ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ሰው ይፈራዋል፤ የሚያስፈራ ግን አይደለም። ከመኝታ ሰዓትዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ይደርሳሉ፤ ባለሙያው የራስ ቆዳዎን በትንሹ ፈትጎ በሚያጣብቅ ቅባት ትናንሽ ሽቦዎች ይለጥፋል፣ በዓይንዎ ዳርና በአገጭዎ ላይ ይጨምራል፤ ደረትና ሆድዎ ላይ ሁለት ቀበቶ፣ አፍንጫዎ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጣትዎ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ በሁለቱም ቅልጥሞችዎ ላይ ደግሞ የእግር እንቅስቃሴ መመዝገቢያ ይደረጋል። ሽቦዎቹ ሁሉ አንዲት ሣጥን ላይ ስለሚሰኩ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲፈልጉ ባለሙያው ሣጥኗን ነቅሎ ያስይዝዎታል። «እዚያማ ጭራሽ አልተኛም» የሚለው ስጋት የሁሉም ነው፤ ለምርመራው ግን እንደ ቤትዎ መተኛት አይጠበቅብዎትም፤ ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። በዚያች ቀን በቀን አይተኙ፤ ከሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳያዝ አያቋርጡ፤ ስሙን ለባለሙያው ያስመዝግቡ። ጠዋት ቅባቱ ከፀጉር ቶሎ አይለቅም፤ ከዚያ በቀጥታ ሥራ ለመግባት አያስቡ።

ጉዳዩ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ምርመራ አላዝም ነበር፤ እንቅልፍ ማጣት የሚታወቀው በታሪክና በመዝገብ ነው፤ አንድ ሌሊት ላቦራቶሪ ማደር የሚጨምርለት ነገር የለም። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ትንፋሹ ስላጠራጠረ ነው።

አሁን ወደ እግርዎ። ሲያርፉ የሚመጣ፣ ማታ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚቀል፣ እግርን የማንቀሳቀስ ግፊት ከሆነ፣ ሌላ መንስኤ እስካልተገኘለት ድረስ እግር አላርፍ የሚልበት ሕመም ነው፤ የሚታወቀው በእነዚህ ምልክቶች እንጂ በማሽን አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚገኘው የብረት ማዕድን እጥረት ነው፤ ደም ማነስ ሳይኖርም ይኖራል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ደህና መሆኑ አይበቃም፤ የሰውነት የብረት ክምችት የሚታይበት ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ፣ ከርሱም ጋር የትራንስፈሪን ሙሌት፣ ማለትም በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ፣ ይለካ። ብዙ ላቦራቶሪዎች 20 ወይም 30 ማይክሮግራም በሊትር የሆነን ፌሪቲን «ደህና» ብለው ያትማሉ፤ ለዚህ ሕመም ግን 75ና ከዚያ በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይመከራል። ያለምርመራ ብረት መዋጥ ግን አይገባም፤ ክምችቱ የበዛበት ሰው ይጎዳል። ሐኪሙ ካዘዘልዎ ከሻይ፣ ከቡናና ከካልሲየም አራርቀው ይውሰዱት። በዕድሜዎ ብረት ለምን አነሰ የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ የወር አበባ ገና ካለና ከበዛ እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ከቆመ ግን ከሆድና አንጀት የሚፈስ ደም እንዳለ መፈተሽ የግድ ነው።

ከዚህ ጋር የሦስተኛው ጥያቄዎ መልስ ይያያዛል። አሚትሪፕቲሊን ለአንዳንዱ ሰው እንቅልፍ ያመጣል፤ እግር አላርፍ የሚልበትን ሕመም ግን ያባብሳል። ያለ ማዘዣ ለእንቅልፍ ተብለው የሚሸጡት የአለርጂ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በተለይ ዳይፈንሃይድራሚን። እግርዎ መቁነጥነጥ የጀመረው መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? ይህን አስታውሰው ይንገሩ፤ ለእኔ ከማንኛውም የደም ምርመራ የማይተናነስ መረጃ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዓመት የተወሰደ መድኃኒት በአንድ ማታ አይጣልም፤ ድንገት ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ከበፊቱ የከፋ እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ከዚያም ሰው «ያለ እርሱ አልችልም» ወደሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይደርሳል። ያዘዘልዎ ሐኪም በሳምንታት እየቀነሰ ያስቁምልዎ። በምትኩ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ወይም የመሰለውን ይውሰዱ ቢባል የትንፋሹ ጉዳይ ሳይለይ ባይስማሙ ይሻላል፤ እነዚህ መድኃኒቶች የጉሮሮን ጡንቻ ያላላሉ፣ ልማድ ይሆናሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ለመውደቅ ይዳርጋሉ። ብረቱ ካልበቃ ለእግሩ ዛሬ አስቀድመው የሚታሰቡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ናቸው፤ እነርሱም ትንፋሽን ሊጫኑ ስለሚችሉ ሐኪሙ የአፕኒያውን ውጤት አይቶ ቢያዝ ይመረጣል። እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት ቀድሞ እጅግ የተለመዱ ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ ድንቅ ይሠራሉ፤ በዓመታት ውስጥ ግን ሕመሙን ከማታ ወደ ከሰዓት በኋላ እየገፉ፣ ከእግር ወደ ክንድ እያስፋፉ ስለሚያባብሱት ዛሬ በጥንቃቄ ነው የሚታዘዙት።

እንቅልፍ ማጣቱ ራሱስ? በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል፤ የእርስዎ ከዚህ አልፏል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአዋቂዎች ሁሉ የመጀመሪያው ሕክምና እንዲሆን የመከረው ክኒን ሳይሆን ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ከስድስት እስከ ስምንት በሚደርሱ ቀጠሮዎች ይሰጣል፤ የሚሰጠው የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሐኪም ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ታትሞ የሚታደለው «ክፍሉን አጨልሙ፣ ስልክ አትንኩ» የሚለው ምክር ከዚህ ጋር አንድ እንዳይመስልዎት፤ ያ ምክር ጎጂ አይደለም፣ ብቻውን ግን ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣትን አያድንም።

የሕክምናው ልብ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ነው፤ አልጋ ላይ የሚያሳልፉትን ሰዓት ማሳጠር። መዝገብዎ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልጋ ላይ ሆነው በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል እንደሚተኙ ያሳያል እንበል። ከ9 ሰዓት ውስጥ 5 ሰዓት ተኩል ማለት 61 በመቶ ነው፤ የቀረው ጊዜ አልጋን የመገላበጫ ቦታ አድርጎ አእምሮን ያስተምረዋል። ስለዚህ ባለሙያው ከሌሊቱ 6:30 እስከ ንጋቱ 12:00 ብቻ ይተኙ ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ነው፤ ከዚያ ግን እንቅልፉ እየጠበቀ ይሄዳል፤ አልጋ ላይ ካሉበት ጊዜ 85 በመቶውና ከዚያ በላይ ሲተኙ 15 ደቂቃ ይጨመርልዎታል፤ እንዲህ እያለ ይሰፋል። እንቅልፍ እምቢ ሲል ሰዓት ሳይመለከቱ፣ 20 ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልዎት ተነሥተው ሌላ ክፍል በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጣሉ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሳሉ። እርስዎ ግን ይህን በራስዎ ዛሬ ማታ አይጀምሩ። ቀን እያንቀላፋ ላለ ሰው እንቅልፍን ማሳጠር አደጋ ስለሆነ የትንፋሹ ጉዳይ መጀመሪያ ይለይ፤ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰውም ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክረውም።

አፕኒያው ከተገኘ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ ነው፤ ሐኪሙ ኮሊን ሳሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ ያስተዋወቁት፣ በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ። ሕመምተኞች የሚተዉት በአብዛኛው ጭንብሉ ስላልገጠመ ነው። ጭንብል ሲመርጡ ተቀምጠው ብቻ አይለኩት፤ ተጋድመው፣ መሣሪያው በርቶ፣ ወደ ጎን ዞረው ይሞክሩት፤ ፊት ሲጋደሙ ቅርጹ ስለሚለወጥ ተቀምጠው የገጠመው ሌሊት በአፍንጫ አጥንት በኩል እያፈተለከ ዓይን ላይ ይነፋል። አፍ ከደረቀ እርጥበት ሰጪው ከፍ ይደረግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ ነገር ይወስናሉ፤ ችግር ሲኖር እስከ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ደውለው ያስተካክሉ። ቀላልና መካከለኛ ለሆነው ደረጃ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያም አለ፤ የሚያዘጋጀው በዚህ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም ነው። ክብደት ካለ መቀነሱ በእጅጉ ይረዳል። አፕኒያና እንቅልፍ ማጣት በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ አንዱ ሲታከም ሌላው በራሱ ይጠፋል ብለው አይጠብቁ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይታከማሉ።

የትኛው ሐኪም ለሚለው፦ መነሻዎ የደም ግፊትዎን የሚከታተልልዎ የውስጥ ደዌ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ይሁን፤ ፌሪቲኑን፣ የእንቅርት ዕጢ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን የመቀነሱን ሥራና የማስተላለፊያ ወረቀቱን እርሱ ይጀምረዋል። የእንቅልፍ ስፔሻሊስት የሚባለው ሐኪም በመሠረቱ የሳንባ፣ የነርቭ፣ የአእምሮ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ሆኖ በእንቅልፍ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ በሚያይለው ምልክት ይምረጡ፤ በእርስዎ ሁኔታ ትንፋሹ ስለሚቀድም የሳንባ ሐኪም፣ ለእግሩ ደግሞ የነርቭ ሐኪም። ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበትዎ ድንገት የሚከዳዎት፣ ወይም ሕልምዎን እየተከተሉ የሚራገጡና የሚጮኹ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ ነርቭ ሐኪም እልክዎት ነበር፤ የመጀመሪያው ናርኮሌፕሲን፣ ማለትም ቀን ቀን የማይቋቋሙት እንቅልፍ የሚጥልበትን የነርቭ ሕመም፣ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ደግሞ አንዳንዴ ከፓርኪንሰን በሽታ ዓመታት ቀድሞ ይመጣል። እርስዎ ይህን ስላልጠቀሱ አልገባበትም።

የላቦራቶሪው ሌሊት በቂ እንቅልፍ ተኝተውበት ከ5 በታች ቢያሳይ የትንፋሹን መዝገብ መዝጋት ይገባል፤ ቀኑን የጣለዎት እንቅልፍ ግን ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ያስፈልጋል፤ ሌሊት ያጡት ሰዓትና ራሱ አሚትሪፕቲሊኑ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ናቸው። ከዚያ ወዲያ ክብደትዎ በግልጽ ቢጨምር፣ የደም ግፊትዎ ሦስተኛ መድኃኒት ቢፈልግ ወይም ባለቤትዎ ትንፋሽዎ ሲቋረጥ በዓይናቸው ቢያዩ እንደገና ይከፈታል። ብረት ከጀመሩ ፌሪቲኑን ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ያስደግሙ፤ እግሩ ቶሎ ቢሻልዎት እንኳ ክምችቱ ሳይሞላ ክኒኑን አይተዉ።